ሽታው የጠፋበት በጋ

ታኅሣሥ 7

ዛሬ አፍንጫዬ ሥራ አገኘ። እኔ አይደለሁም፣ አፍንጫዬ ነው። ዕድሜ ልኩን በስፋቱ ሲቀለድበት የኖረ አፍንጫ ዛሬ በዶክተር ተመሰገነ። ልቤ ቅቤ ጠጥቷል። ለሰው ሁሉ ነግሬ ጨርሼ የቀረኝ ደብተር ብቻ ስለሆነ ለእሱም ልንገረው።

ከመጀመሪያው ልጻፈው። ከቤታችን በታች፣ ከግንቡ ወዲያ፣ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ አለ። ፍሳሹ ተጣርቶ ውሃው ወደ ወንዝ ሲሄድ፣ የሚቀረው ጥቁር ዝቃጭ ሰፋፊ መደቦች ላይ ተሰጥቶ ፀሐይ ያደርቀዋል። ሲደርቅ ማዳበሪያ ይሆናል ይላሉ። እስኪደርቅ ግን የምንደርቀው እኛ ነን። በበጋ ነፋሱ ወደ እኛ ሲዞር፣ እንግዳ የመጣበት ቤት ሁሉ ይቅርታ ሲጠይቅ ይውላል። ሰፈሩ «መደቦቹን አውጡልን» እያለ ስንት ዓመት ጮኸ። አሁን ጣቢያው መደቦቹን በሸራ ሸፍኖ፣ ከሥር ያለውን አየር በማራገቢያ እየሳበ በእንጨት ፍርፋሪ ክምር ውስጥ ሊያሳልፈው ነው። ፍርፋሪው ላይ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ይኖራሉ፣ ሽታውን ይበሉታል አለች ጥናቱን የምትመራው ዶክተር። ምን ዓይነት ሆድ ቢኖራቸው ነው ብዬ ጠየቅኋት። ሳቀች።

የእሷ ጥናት እንግዲህ ይህ ነገር ይሠራል አይሠራም የሚል ነው። ከሠራ መደቦቹ እዚሁ ይቀራሉ፣ እንዲያውም እጥፍ ይሆናሉ። ካልሠራ ከሰው መንደር ርቀው ይወጣሉ። ማሽን አንዱን ጋዝ ለይቶ ይለካል እንጂ ሰው ላይ የሚደርሰውን ሽታ እንደ ሰው አያውቀውም። ስለዚህ የሰፈሩን አፍንጫ ፈለጉ።

ስክሪብቶ የሚመስሉ ነገሮች አሏቸው። ክዳኑን ከፍተው አፍንጫችሁ ሥር ያደርጉታል፤ አንዱ ይሸታል፣ አንዱ ባዶ ነው፣ የሚሸተውም እየደከመ ይሄዳል። ፀጉር ሠሪዋ ገና ከመጀመሪያዎቹ ላይ ወደቀች፤ በቀለም የተቃጠለ አፍንጫ ምን ያድርግ። ጡረተኛው አናጢ አለፉ። እኔ መጨረሻው ድረስ ሄድኩ። የዶክተሯ ረዳት፣ መሣሪያዎቹን የሚይዘው ባለመሣሪያው፣ አላመነኝም፣ ደገመኝ፣ አሁንም አገኘሁት። ዶክተሯ «እትዬ፣ እንዲህ ያለ አፍንጫ አይቼ አላውቅም» አለችኝ።

ሕግ አለው። ሽታ ያለው ሳሙና የለም፣ የፀጉር ቅባት የለም፣ በሥራ ቀን ሽንኩርት አይነካም። ጉንፋን የያዘው ሰው ተናግሮ ይቀራል፤ ይህን ሁለቴ አለችው።

ለልጆቼ አባት ስነግረው «ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን እኔን ስታሸቺ የኖርሽው ልምምድ ነበራ» አለ።

የታች ቤቷ አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ ሰምታን ኖሮ እልልታዋን አቀለጠችው። የታች ቤቷ የምላት ከእኛ ቀጥሎ፣ ግንቡ ሥር የምትኖረዋ ጎረቤቴ ናት፤ ስንጋባም ስንወልድም አብረን ነው። እናቷ አልጋ ከያዙ ቆይተዋል። የተኙበት ክፍል መስኮት መደቦቹን ስለሚያይ፣ በጋው ከገባ ጀምሮ ዙሪያውን ጨርቅ ተጠቅጥቆበት አይከፈትም። «በቃ፣ ያቺን መስኮት የምትከፍቺልኝ አንቺ ነሽ» አለችኝ።

እከፍታታለሁ።

ታኅሣሥ 10

ልምምድ ነበር። ትንሽ መሣሪያ አንገታችን ላይ ያጠልቁልናል። በተመደብንበት ቦታ ቆመን ጢጥ ባለ ቁጥር አየር እንስባለን፤ ከሸተተን ቁልፉን እንጫናለን፣ ካልሸተተን እንተወዋለን። ሌላም ቁልፍ አለ፣ «አላውቅም» የሚባል። እርግጠኛ ካልሆናችሁ እሱን ተጫኑ፣ ነውር የለውም አለች ዶክተሯ። እሱ ለፀጉር ሠሪዋ ይሁናት።

ቆሞ ማውራት ክልክል ነው። ለእኔ ከባዱ ይህ ብቻ ነው።

ታኅሣሥ 19

ማራገቢያው ተከፈተ። የጣቢያው ኃላፊ፣ ክራባት አስረው ጭቃ የሚረግጡ ሰው፣ ረጅም ንግግር አደረጉ። ሽታው ግን ንግግሩን አልሰማም። ግንቡ ሥር ቆሜ ስጫን ስጫን አውራ ጣቴ ዛለ። ዶክተሯ ሽታው ምን ምን ይላል ብላ ጠየቀችኝ። መጀመሪያ የበሰበሰ ጎመን ይመጣል፣ እሱን ተከትሎ እርጥብ ውሻ፣ ከሁሉ በኋላ ደግሞ አፍ ውስጥ የገባ ሳንቲም አልኳት። ቃል በቃል ጻፈችው። እኔ ያልኩትን ዶክተር ሲጽፍ የመጀመሪያዬ ነው፤ የሐኪም ቤቶቹ ሳልጨርስ ነው መድኃኒት የሚያዙልኝ።

ተሕዋስያኑ ፍርፋሪውን እስኪለምዱ ሳምንታት ይፈልጋሉ አለች። እንግዳ ናቸው ማለት ነው፤ ገና ብሉ እየተባሉ ነው።

ሌላም ደስታ አለኝ። ቦታችንን በየቀኑ መቀያየር ነበረብን፤ አንድ ሰው አንድ ቦታ ላይ መሰንበት የለበትም ተብሏል። ባለመሣሪያው ግን የታችኛውን ሰፈር በሙሉ ለእኔ ተወልኝ። ቤቴ እዚያ ነው፣ ሌሎቹ ደግሞ ቁልቁለቱን ወርዶ መመለስ ሰለቻቸው። ዶክተሯ የምንቀያየር ይመስላታል። ምን አለበት? የታችኛውን ሰፈር ሽታ ከእኔ በላይ ማን ያውቀዋል?

ታኅሣሥ 27

ራሴን ይፈልጠኛል። ጉንፋን አይደለም፣ ብርድ ነው።

ታኅሣሥ 29

ትኩሳት። አጥንቴ ሁሉ ተሰባበረ። ትንሿ ልጄን ወደ ጣቢያው ልኬ «እህቷ ታማባት ሄዳለች በዪ» አልኳት። ጉንፋን ካልኩ ሰው ይተካሉ፤ ፀጉር ሠሪዋ አሰፍስፋ ነው የምትጠብቀው። የልጆቼ አባት እውነቱን ብትነግሪያቸው ምን ይሆናል አለ። እሱ ሹፌር ነው፣ በየፌርማታው በስሙ የሚጠራው ሞልቷል። እኔን ከወላጆች ስብሰባ በቀር ማን ጠርቶኝ ያውቃል?

ደግሞም ጉንፋን አይደለም።

ጥር 4

ተነሣሁ። ትኩሳቱ የለም፣ አፍንጫዬ ተከፍቷል፣ አየር ሽው እያለ ይገባል። ጉንፋን ቢሆን ኖሮ እንዲህ ቶሎ አይለቅም ነበር።

ሳምንቱ ሲጀምር ሁላችንም በስክሪብቶዎቹ እንፈተናለን። ተራዬን ጠብቄ ስቀርብ ባለመሣሪያው «እርስዎን ደግሞ መፈተን! ይሂዱ የወርቅ አፍንጫ» ብሎ መሣሪያውን አንገቴ ላይ አጠለቀልኝ። ጡረተኛው አናጢ እኛስ የቆርቆሮ ነን ወይ ብለው አጉረመረሙ። ቅናት ነው።

ወርጄ ግንቡ ሥር ቆምኩ። ጢጥ አለ፣ ሳብኩ። ምንም። እንደገና ጢጥ። ምንም። ዓይኔን ጨፍኜ እስከ ሆዴ ድረስ ሳብኩት። ጎመኑ የለም፣ ውሻው የለም፣ ሳንቲሙ የለም። ንጹሕ አየር፣ እንደ ተራራ ላይ አየር። ቁልፉን አንዴም ሳልጫን ጨረስኩ።

መንገዱን ሙሉ እየሳቅሁ ነው የመጣሁት። እነዚያ በዓይን የማይታዩት ነገሮች በሉት! እኔ ተኝቼ ሳለ በልተው ጨረሱት። ሳይንስ ማለት ይህ ነው። ትምህርቴን ባላቋርጥ ኖሮ እኔም እንዲህ ያለ ነገር ላይ ነበርኩ።

የታች ቤቷን አጥሩ ላይ ጠርቼ እንኳን ደስ አለሽ አልኳት። ግራ ገብቷት አየችኝ። ትናንት ማታ ጨርሶ እንቅልፍ አልወሰደንም አለች።

ትናንት ሌላ፣ ዛሬ ሌላ።

ጥር 9

ዛሬም ንጹሕ። ከትናንት በስቲያም ንጹሕ።

ለቤት ሰዎች ምግቤ አልበላ አላቸው። የልጆቼ አባት ሾርባው ላይ ጨው ሲነሰንስ አየሁትና እኔም ጨመርኩበት፤ እውነትም ዘንድሮ የሚሸጡት ነገር ሁሉ ጣዕም የለውም። ወተቱን ትንሿ ልጄ አንዴ ጎንጨት አድርጋ አስቀመጠችው። ቅምጥል ሆናለች።

ጥር 13

ዛሬ የሆነውን ሳልጽፍ አልተኛም።

ከሥራ ስመለስ የታች ቤቷ በር ክፍት ነበር። ገባሁ፤ ከመቼ ወዲህ ነው እኔና እሷ በር የምናንኳኳው? እናቷ በዚያ ጨለማ ክፍል ተኝተዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል። አሳዘኑኝ። እንዲህ ያለ አየር ውጭ እያለ እሳቸው በዚህ ታፍነው! ቃሌም ትዝ አለኝ። ጨርቁን ከመስኮቱ ዙሪያ አንድ በአንድ መዝዤ አውጥቼ መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። እማማ፣ ይተንፍሱ፣ አለቀ አልኳቸው።

ከዚያ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያስሉ ጀመር፣ ሳሉ ሳሉና አስመለሳቸው። ከጨርቁ የተነሣው አቧራ ነው። የወር አቧራ ያለበት ጨርቅ ነበር፣ እኔም አስነጥሶኛል። የታች ቤቷ ከጓሮ እየሮጠች ገብታ መስኮቱን ዘጋችው። እናቷን ደግፋ እያጠበች ቀና ብላ አላየችኝም። አብደሻል አለች፣ በቀስታ።

እኔም ዝም አላልኩም፤ ዝም ማለት መች ይሆንልኛል። ስወጣ ጎረቤት ሁሉ ደጅ ላይ ነበር። ሽታው ከጠፋ መሰንበቱን፣ የሚጮህ ሰው ካለ መጮህ ስለለመደ እንደሆነ፣ አንዳንዱም ያለ ሽታ ወሬ እንደሚያጥረው ጮክ ብዬ ተናገርኩ። «ሽታ ካለ አፍንጫዬን ግንባር ያድርገው!» ብዬ ማልኩ። የሳቀ አለ፣ ፊቱን ያዞረ አለ። የታች ቤቷ በሩ ላይ ቆማ ነበር፣ እጇ እርጥብ ነው።

«እኔን ተዪኝ፣ እኔ ውሸታም ልሁን» አለች። «እናቴ ያስመለሳት ምንድን ነው? ወሬ ነው?»

በሩን ዘጋች።

አቧራ ነው። ማታ ሁለት ጊዜ ለልጆቼ አባት አቧራ እንደነበር ነገርኩት። እሺ አለ። እሺ ሲል አልወድም።

ጥር 16

አላነጋገረችኝም። አጥሩ ላይ ልብስ ስታሰጣ እንዳታየኝ አንሶላውን በመሃላችን አደረገችው።

ጥር 22

ኩርፊያው እንዳለ ነው። ይብላኝ ለእሷ።

ዛሬ ጓዳ ሆኜ ትንሿ ልጄ ለአባቷ ስታንሾካሹክ ሰማሁ። «አትነግራትም እንዴ?» ትላለች። እሱም «ተዪ፣ እንዲህ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም» አላት። ስገባ ዝም አሉ። የሆነ ነገር ሊያደርጉልኝ ነው መሰለኝ። ጫማ ይሆን? ቁልቁለቱ ጫማዬን ጨርሶታል፣ እሱም አይቶታል።

የካቲት 2

ዶክተሯ ካርታ ዘርግታ አሳየችን። የሸተተበት ቦታ ቀይ፣ ያልሸተተበት አረንጓዴ። ላይኛው ሰፈር፣ የጡረተኛው አናጢና የሌሎቹ ቦታ፣ ቀላ ቀላ ይላል። የእኔ ሰፈር አረንጓዴ ነው፤ ሣር የበቀለበት ይመስላል። ኃላፊው መጥተው ጨበጡኝ። ይህ ጥናት ለሌሎች ጣቢያዎችም ምሳሌ ይሆናል አሉ።

ዶክተሯ ግን እንደ እሳቸው ደስ አላላትም። እርሳሷን እያኘከች ካርታውን ደጋግማ አየችው። ነፋሱ ከመደቦቹ ሽቅብ ነው የሚሄደው፣ ላይ እየሸተተ ታች እንዴት ይጠፋል አለች፣ ለራሷ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«እትዬ፣ እውነት አንዴም አልሸተተዎትም?»

ተቀየምኳት። የምናገረው በአፌ ሳይሆን በአፍንጫዬ ነው፣ አፍንጫዬ ደግሞ ዋሽቶ አያውቅም አልኳት። ይቅርታ ጠየቀችኝ። ባለመሣሪያው ጫማውን ያይ ነበር።

ጡረተኛው አናጢ ስንወጣ አጠገቤ ሄዱ። ልጃቸው የምትኖረው እኛ ሰፈር ነው። «ልጄ ደጅ ልብስ ማስጣት ትታለች» አሉ። ምን ልላቸው እችላለሁ? የልጃቸውን ጉዳይ ልጃቸውን ይጠይቁ።

የካቲት 3

ሌሊት ተነሥቼ መስኮት ከፈትኩ። ሳብኩ። ምንም የለም። ምንም የሚባል ነገር የለም። የአበባ እንኳ የለም። አበባ እኮ አለን፣ መስኮቱ ሥር።

ገና አልፈካም ይሆናል።

የካቲት 14

ይህንንም ልጻፈው።

ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ነበርኩ። ምድጃው ላይ ውሃ ጥጄ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ የትንሿን ልጄን ቀሚስ እተኩስበት የነበረውን ጨርቅ አጠገቡ ትቼ፣ ቀሚሱ ላይ ቁልፍ እተክላለሁ። እያንጎራጎርኩ። ድንገት በሩ ተበርግዶ የታች ቤቷ ገባች። ከተኳረፍን ወዲህ ደጃፌን ረግጣ አታውቅም። እኔን ገፍታ አለፈችና ባልዲውን አንሥታ ከኋላዬ ደፋችው። ዞር ስል ጨርቁ ነድዶ መጋረጃው ጫፍ ደርሷል። ክፍሉ በጭስ ተሞልቷል። ጭሱን ሳየው ነው ዓይኔ የቆጠቆጠኝ።

«እኔ ቤት ድረስ ሸቷል» አለች። «አንቺ ተቀምጠሽ ትዘፍኛለሽ?»

ሐሳብ ይዞኝ ነው አልኩ። ቆማ ረጅም ጊዜ አየችኝ። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ እናቷን ለመጀመሪያ ጊዜ ሐኪም ቤት የወሰደቻቸው ቀን እንዲህ ነበር የምታያቸው። ከዚያ ጓዳ ገብታ አንድ ነገር ይዛ መጣች። «ዓይንሽን ጨፍኚ» አለችኝ፣ እንደ ልጅ። ጨፈንኩ። አፍንጫዬ ሥር አንድ ቀዝቃዛ አፍ ሲነካኝ ተሰማኝ።

«ምንድን ነው?»

ሳብኩ። ደግሜ ሳብኩ።

«ውሃ ነው» አልኳት።

ዓይኔን ስከፍት የላምባ ጀሪካን ነው የያዘችው።

ጀሪካኑን ከድና ወደ ቦታው መለሰችው። የረጠበውን ወለል ጠራርጋ፣ መስኮቱን ከፍታ፣ ወጣች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ሁሉ ሰው ሰብስቤ ውሸታም ያልኳት ሴትዮ ወለሌን ጠርጋ ሄደች።

የዚያች ሴትዮ እናት። መስኮቱን የከፈትኩት እኔ ነኝ። አቧራ አልነበረም።

ማታ የልጆቼን አባት ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅከው አልኩት። መጀመሪያ ምኑን አለ። ቀጥሎ ወተቱ የኮመጠጠ ቀን አለ። እሱ ደስታዬን እንዳይነካ የኮመጠጠ ወተት ሲጠጣ ነው የከረመው። አልተቆጣሁትም። እኔ ብሆን ዝም እል ነበር? አልልም ነበር። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው፤ በቤታችን ያለወትሮው ዝም የተባለው በዚህ ነገር ላይ ብቻ ነው።

የካቲት 15

ጠዋት ዶክተሯ ጋ ሄድኩ። ስለ ጉንፋኑ ነገርኳት። አዎ፣ ጉንፋን ነበር።

ስክሪብቶዎቹን አወጣች። ከደካማው ጀመረች። አንዱን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ሌላውን ከፈተች። የመጨረሻውን፣ ኃይለኛውን ስትከፍት በሩ ላይ የቆመው ባለመሣሪያ ፊቱን አዞረ። እኔ የሳብኩት አየር ብቻ ነው። ስክሪብቶውን ክዳኑ ውስጥ ለመክተት ሁለቴ ሳተችው።

«እትዬ፣ ታች ያለው ሽታ ጠፍቶ አይደለም» አለች።

አውቃለሁ አልኩ።

ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሳላረጋግጥ የተቀበልኩ እኔ ነኝ አለች። ባለመሣሪያውን ስንት ሳምንት ሳትፈትናት ቀረህ ብላ ጠየቀችው። ቀጥሎ ቦታ አለመቀያየራችንም ወጣ፣ ሁሉም በላይ በላዩ ወጣ። ዶክተሯ ወንበሯ ላይ እያነሰች ሄደች።

ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ሳለ ከኃላፊው ጋር ስትከራከር በግድግዳው ተሰማኝ። ኃላፊው አንድ አፍንጫ እኮ ነው፣ ከሌሎቹ ጋር ሲደመር ይጠፋል ይላሉ። እሷ ደግሞ የታችኛው ሰፈር በሙሉ የእሷ አፍንጫ ነው ትላለች። ከዚያ ኃላፊው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ማን ያውቃል፣ ተያት ሲሉ ሰማሁ። እሺ አላለቻቸውም መሰለኝ፤ በሩን ስትከፍት ፊቷ ቀልቷል።

እንግዲህ እኔን ለማዳን እንኳ ውሸት ተዘጋጅቶ ነበር። ለእኔ መሆኑን ግን እንጃ።

የካቲት 24

ስብሰባው በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተደረገ። ዶክተሯ ተነሥታ እውነቱን ተናገረች፣ የእኔን ነገር ሳታነሣ። ለታችኛው ሰፈር የሚታመን ውጤት የለንም፣ የተሰበሰበው በሙሉ ተጥሏል አለች። አዳራሹ ተንጫጫ። ኃላፊው ክራባታቸውን አስተካክለው ተነሡ። በታችኛው ሰፈር ሽታ አለ የሚል ውጤት እስካሁን እንደሌለ፣ ስለዚህ የመደቦቹ ማስፋፊያ በተያዘለት ጊዜ እንደሚጀመር ገለጹ። እንደዚያ ብለው ተቀመጡ። ሰምቼ ማመን አቃተኝ። «ውጤት የለም» ያለችው እሷ፣ «ሽታ አለ የሚል ውጤት የለም» ያሉት እሳቸው። ከአንድ ወረቀት ነው ሁለቱም ያነበቡት። የበጋው ልፋት በሙሉ ውሃ በላው።

ተነሣሁ። ማን እንዳስነሣኝ አላውቅም። ያ አፍንጫ የእኔ ነው፣ ታምሜ ደብቄ ነው፣ ሽታው ነበረ፣ አሁንም አለ፣ የማይሸተው ለእኔ ብቻ ነው አልኩ። ከኋላ አንዱ «ዕድሜዋን ሙሉ ሲሸታት ኖሮ በተፈለገች ቀን ጠፋባት» አለ። ሳቁ። እኔንም ያስቀኝ ነበር፣ ሌላ ሰው ላይ ቢሆን።

የታች ቤቷ አልሳቀችም። አላየችኝምም። እናቷን ለብቻቸው ትታ ስለመጣች ቀድማ ወጣች።

መጋቢት 5

ሐኪሙ ከትኩሳቱ የመጣ ነው አለኝ። ሊመለስም ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል። በየጠዋቱ ሽታቸው ጎላ ያሉ ነገሮችን እየደጋገምኩ እንዳሸት አዘዘኝ። ሎሚ፣ ሳሙና፣ ላምባ። ሎሚውን ይዤ ሎሚ ነው እላለሁ። ስለማየው ነው። ዓይኔን ስጨፍን ሎሚው ይሄዳል።

ፀጉር ሠሪዋ መንገድ ላይ አግኝታኝ «አይዞሽ፣ እኔም ከቀለሙ ነው» አለችኝ። ደግ ሴትዮ ናት። ስንት ጊዜ ሳማት ከረምኩ።

መጋቢት 11

የጭነት መኪኖች ግንቡ ጥግ ጠጠር ሲገለብጡ ዋሉ። ለአዲሶቹ መደቦች ነው። ቤቱ ይንቀጠቀጣል። የእማማ መስኮት ላይ አሁን ጨርቁ በሁለት ረድፍ ተጠቅጥቋል፤ ከአጥሩ በላይ ይታየኛል።

ትንሿ ልጄን «ዛሬስ?» ብዬ ጠየቅኋት። በየቀኑ ነው የምጠይቃት፣ ሰለቻት። ትንሽ ነው አለች። ፊቷን አይቼ ትንሽ አለመሆኑን ያዝኩባት። እኔም ሲዋሸኝ እንዲህ ይመስል ኖሯል?

መጋቢት 19

ዶክተሯ ቤቴ መጣች። ዝናቡ ሳይገባ ለጥቂት ሳምንት የታችኛው ሰፈር ብቻ እንደገና እንዲለካ አስፈቅዳለች። ኃላፊው ከተፈለገ ይለካ፣ ግንባታው ግን አይቆምም ብለዋታል። ታዲያ ምን ያደርጋል ስላት፣ ቢያንስ የሌለ ነገር አለ ተብሎ አይጻፍም፣ ያለውም የለም ተብሎ አይጻፍም አለች። ከስታለች። አዲስ አፍንጫ ትፈልጋለች፣ እዚሁ የሚኖር። እኔን ያማከረችኝ ሰው ስለማውቅ ነው፤ ለዚህ አሁንም እጠቅማለሁ።

ወደ አጥሩ ጠቆምኳት።

መጋቢት 26

የታች ቤቷ አለፈች። እስከ መጨረሻው ስክሪብቶ አይደለም፤ ግን አለፈች።

ዛሬ የመጀመሪያ ቀኗ ነው። ማለዳ ደጄ ቆመች። ከዚያ ከላምባው ቀን ወዲህ ከሰላምታ ያለፈ ቃል አልተነጋገርንም። ሕጉን ንገሪኝ አለችኝ። እንድትቀመጥ ወንበር አቀረብኩላት፣ ቆማ ሰማችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። ቅባት የለም፣ ሽንኩርት የለም፣ ከታመምሽ ተናግረሽ ትቀሪያለሽ። ቦታ ይቀያየርልኝ በዪ፣ ፈትኑኝ በዪ፣ ይሂዱ ቢሉሽም ሳትፈተኚ አትሂጂ። ሲያመሰግኑሽ አትስሚ፤ የሚገድለው ምስጋና ነው። ይህን ስል ትንሽ ፈገግ አለች። ከተኳረፍን ወዲህ ፈገግ ስትልልኝ ይህ መጀመሪያዋ ነው።

ከዚያ ሌሊት እናቷን እንዳጠበቻቸው ትዝ አላት። ባለሽታው ሳሙና ነበር። ደነገጠች። ሁለት እጇን ወደ ፊቴ ዘረጋችልኝ።

«ለቆኛል?» አለች።

እጇን ያዝኩ። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት፣ እንደ ድሮው ዓይኔን ጨፈንኩና ሳብኩ። የመጣልኝ የእጇ ሙቀት ነው። «የለም» ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዓይኔን ገለጥኩ። ታየኛለች። ረስታው ይሁን አውቃ ፊቷ ላይ ማንበብ አልቻልኩም። እጇን አልነጠቀችኝም።

«አላውቅም» አልኳት።

ተመልሳ ልትታጠብ ገባች።